ዘሩ የማን ነው? ስለ ልውጥ ሕያዋን ምግቦችና በዘር ላይ ስለሚሰጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት



ስለ ልውጥ ሕያዋን ምግቦች እንድናገር ስጋበዝ ጥቂት አመንትቼ ነበር። በዚህ ርእስ ላይ ሰው ወደ አዳራሽ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አቋሙን ይዞ ነው፤ ከተናጋሪው የሚፈልገውም ማስረጃ ሳይሆን አጋርነት ነው። እኔ ዛሬ ለየትኛውም ወገን አጋር ሆኜ አልቆምኩም። የመጣሁት ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ሲታዩ የኖሩ ሁለት ጥያቄዎችን ለመለየት ነው።

ጥያቄዎቹን የለየችልኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። ከክፍል ስወጣ ጠብቃኝ፣ «መምህር፣ አሁን በገጠር የሚዘራው በቆሎ ዘረመሉ የተለወጠ ነው እየተባለ ነው፤ እናቴ ለታናናሾቼ ማብላት ፈርታለች። እውነት ነው?» አለችኝ። ቤተሰቦቿ የሚዘሩት ቢኤች 660 የተባለውን በቆሎ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ይህ በባኮ የምርምር ማዕከል በተለመደው የማዳቀል ዘዴ የተገኘ ድቅል እንጂ ልውጥ ሕያው አለመሆኑን አስረዳኋት። እፎይ አለች። ጥቂት ቆይታ ግን፣ «ታዲያ ዘሩን በየዓመቱ የምንገዛው ለምንድን ነው? አያቴ እኮ ዘር ገዝቶ አያውቅም» ስትል ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄዋ ስለ ምግቡ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ መለስኩላት። ሁለተኛው ስለ ዘሩ ባለቤትነት ነበር፤ እሱ ግን ይኸው እዚህ መድረክ ድረስ አምጥቶኛል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ስለ ልውጥ ሕያዋን ያለን ስጋት አብዛኛው በምግቡ በኩል ያለውን በር ሲጠብቅ፣ ዋናው ጉዳይ በሌላው በር፣ በባለቤትነቱ በር፣ እየገባ ነው።

ልውጥ ሕያው ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ገበሬ ዘርን መለወጥ የጀመረው ትናንት አይደለም። ጤፍን ከዱር ሣርነት ወደ ማሳ ያመጣው፣ ፍሬው ቶሎ የማይረግፈውንና ዛላው የበረታውን በየመኸሩ እየመረጠ ለዘር ያስቀረ ገበሬ ነው። የዘመናችን ተመራማሪም ይህንኑ ሥራ በተሻለ ዕውቀት ቀጠለ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ሁለት ነባር የጤፍ ዓይነቶችን በማዳቀል የተገኘ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ማዳቀሉ በማጉያ መሣሪያ ሥር የሚከናወን አድካሚ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ጤፍ ከጤፍ ጋር ተዳቀለ እንጂ ከሌላ ፍጥረት የተጨመረበት ነገር የለም።

ልውጥ ሕያው የምንለው ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሥራው የታወቀ ዘረመል በቤተ ሙከራ ተለይቶ ይወጣና በተፈጥሯዊ መንገድ ሊዳቀል በማይችል ሌላ ሕያው ነገር ውስጥ ይገባል። ቢቲ ጥጥን እንውሰድ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ለአንዳንድ ትሎች መርዝ የሚሆን ፕሮቲን ይሠራል። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል በጥጡ ውስጥ ሲገባ፣ ጥጡ ራሱ ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን የበላ ጓይ ትልም ይሞታል። ሁለተኛው የተለመደ ዓይነት ደግሞ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም እንዲቋቋም የተደረገ ሰብል ነው፤ ገበሬው ማሳውን ሲረጭ አረሙ ይደርቃል፣ ሰብሉ ይተርፋል። በዓለም ላይ በስፋት የሚዘሩት ልውጥ ሕያዋን ባመዛኙ ከእነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች የሚመደቡ ናቸው፤ ሰብሎቹም አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና ካኖላ ናቸው።

ስለ ድቅል በቆሎ ላነሳችው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ቢነገር መልካም ነው። ድቅል በቆሎ የሚገኘው ለየብቻ ለብዙ ትውልድ ንጹሕ ሆነው የቆዩ ወላጆችን በማዳቀል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱና አንድ ወጥ ይሆናል። ከእሱ የተገኘው ፍሬ መልሶ ሲዘራ ግን የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል፤ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ወደ ዘር ሻጭ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚያስገድደው የዕፅዋቱ ተፈጥሮ ነው፤ ፍርድ ቤት ወይም ውል አይደለም። ጤፍና ስንዴ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ በመሆናቸው ይህ ችግር የለባቸውም። ቁንጮ በፍጥነት ከተስፋፋበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው፦ ገበሬ ካመረተው ላይ ዘር ያስቀራል፣ ለጎረቤቱም ያካፍላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ምግቡ ይጎዳል?

ይህን ጥያቄ በጥቅሉ መመለስ አይቻልም። «መድኃኒት ይጎዳል?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ የትኛው መድኃኒት፣ ለማን፣ በምን ያህል መጠን የሚለው መታወቅ አለበት። እያንዳንዱ ልውጥ ሕያው የገባበት ዘረመል ምን እንደሚሠራ ታይቶ ለብቻው ይመረመራል። ይህም ሆኖ እስከ አሁን ለምግብነት ስለተፈቀዱት የተከማቸው ማስረጃ ሰፊ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ትልቅ ዘገባ፣ በገበያ ላይ ያሉ ልውጥ ሕያዋን ምግቦች በተለመደው መንገድ ከተዳቀሉት ይልቅ ለጤና አደገኛ ስለመሆናቸው አሳማኝ ማስረጃ እንዳላገኙ አስታውቀዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የታተመውና በአይጦች ላይ ታላላቅ ዕጢዎችን ያሳየው ጥናት የብዙዎችን ልብ ቢያስደነግጥም፣ የአይጦቹ ቁጥር ለድምዳሜ አይበቃም በሚል መጽሔቱ በዓመቱ ጽሑፉን ሰርዞታል።

ይህን ስናገር ስጋት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስት ጥንቃቄዎችን ላስመዝግብ።

አንደኛው አለርጂ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከብራዚል ለውዝ የተወሰደ ዘረመል የአኩሪ አተርን የምግብ ይዘት ለማሻሻል ተሞክሮ ነበር። ምርመራው ግን ለብራዚል ለውዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ለአዲሱ አኩሪ አተርም እንደሚጋለጡ አሳየ፤ ሥራው ገበያ ሳይደርስ ተቋረጠ። ምርመራ ካለ አደጋው በጊዜ እንደሚታወቅ ይህ ምሳሌ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ለእንስሳት መኖ ብቻ የተፈቀደው ስታርሊንክ የተባለ በቆሎ በአሜሪካ በሰው ምግብ ውስጥ ተገኘ። በወረቀት ላይ የተለየው እህል በጎተራና በወፍጮ ቤት እንደማይለይ የገለጸልን ይህ ነው። ሀብታሟ አገር መለየት ያቃታትን እህል፣ የእኛ የእህል ገበያ እንዴት ይለየዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከዘረመሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ነገር ነው። ግላይፎሴትን የሚቋቋም ሰብል የግላይፎሴትን ርጭት ይጋብዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ፀረ አረም እ.ኤ.አ. በ2015 «ምናልባት ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል» ከሚላቸው ወገን መድቦታል፤ ሌሎች የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ግን በዚህ አይስማሙም። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ የኬሚካሉ እንጂ የዘረመሉ አይደለም። ያለማቋረጥ መርጨቱ ኬሚካሉን የለመዱ አረሞችን ማፍራቱ ግን የማያከራክር ሐቅ ነው።

ሦስተኛው የገበያ ጉዳይ ነው። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቢቲ ጥጥ ዘራች። የፀረ ተባይ ርጭቱ ቀነሰ፣ ገበሬውም ተጠቀመ። ነገር ግን የጥጡ ጭረት ርዝመት በማጠሩ አገሪቱ በዓለም ገበያ የነበራት የጥራት ስም ተጎዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ቀድሞው ጥጧ ተመለሰች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የታመመ ሰው የለም፤ የከሰረ ግን አለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። መልሱ በቤተ ሙከራ፣ በማሳና በገበያ እየተፈተሸ ይገኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን በቤተ ሙከራ አይፈታም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዘር እንዴት ንብረት ሆነ?

ፓተንት አንድ ፈጣሪ አዲስ ነገር ለሕዝብ ገልጦ ሲያሳይ፣ በምላሹ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት ያህል ሌሎች ያለ ፈቃዱ እንዳይሠሩበት የሚሰጠው መብት ነው። ለረጅም ዘመን ይህ መብት ለማሽንና ለኬሚካል ይሰጥ ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ይቆጠር ነበርና። ይህን ድንበር ያፈረሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባሉ ሳይንቲስት የድፍድፍ ዘይትን ክፍሎች የሚበላ ባክቴሪያ ሠርተው ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ሰው የሠራው ባክቴሪያ ሕያው መሆኑ ፓተንት አያስከለክለውም ሲል ወሰነ። ክርክሩ ስለ እህል አልነበረም። ዳሩ ግን በተከፈተው በር ዘርም ገባ።

ቀደም ሲል በዘር ላይ የነበረው መብት የአዳቃዮች መብት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ ኅብረት ሥር የሚታወቀው ማለት ነው። ይህ መብት አዳቃዩ ዝርያውን ለሽያጭ የማባዛት ብቸኛ መብት ይሰጠዋል፤ በቀድሞ ይዘቱ ግን ገበሬው ካመረተው ላይ ለራሱ ዘር ከማስቀረት፣ ሌላው ተመራማሪም አዲስ ዝርያ ለማዳቀል ከመጠቀም አያግደውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሻሻለው ስምምነት የገበሬውን ነጻነት አጠበበው። ፓተንት ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል።

ምን ያህል አልፎ እንደሚሄድ ለማየት ቨርነን ሂዩ ቦውማን የተባሉ የኢንዲያና ገበሬን ጉዳይ እንመልከት። ቦውማን ለዋናው የዘር ወቅት ግላይፎሴትን የሚቋቋመውን የሞንሳንቶ አኩሪ አተር ውል ፈርመው ይገዙ ነበር። ዘግይቶ ለሚዘራውና ስኬቱ ለማያስተማምነው ሁለተኛ ሰብላቸው ግን ከእህል መጋዘን ተራ አኩሪ አተር በርካሽ ገዙ፤ ዘሩት፤ ግላይፎሴት ረጩበት፤ ከተረፈው ላይም ለቀጣዩ ዓመት ዘር አስቀሩ። ኩባንያው ከሰሳቸው። ቦውማን፣ አኩሪ አተር በባሕርዩ ራሱን የሚያበዛ ነው፣ አንድ ጊዜ የተሸጠ ዕቃም ከሻጩ መብት ይወጣል ሲሉ ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው፤ መዝራትና ማጨድ የፓተንት ባለቤቱን ዕቃ እንደ አዲስ መሥራት ነው ተባለ። የታችኛው ፍርድ ቤት የጣለባቸው ከ84 ሺህ ዶላር በላይ ካሣም ጸና።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። ገበሬ ለሺህ ዓመታት ሲያደርገው የኖረው ሥራ፣ ማለትም ካመረተው ላይ ለከርሞ ማስቀረት፣ በዚህ ፍርድ የማምረቻ ፋብሪካ ሥራ ሆነ።

ለእውነት ስንል ግን በዚህ ዙሪያ የሚነገረውን ሁሉ አንቀበል። ለምሳሌ የካናዳው ገበሬ የፐርሲ ሽማይዘር ታሪክ «ነፋስ ያመጣበትን ዘር አብቅሎ ተቀጣ» ተብሎ ሲተረክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የሰጠው ውሳኔ ግን፣ ዘሩ መጀመሪያ እንዴትም ይምጣ፣ ገበሬው ግላይፎሴት ረጭተው የተረፈውን አስቀምጠው በቀጣዩ ዓመት ከአንድ ሺህ ኤከር በላይ እንደዘሩ፣ ይህንንም ያውቁ ወይም ሊያውቁ ይገባ እንደነበር ያትታል። ተረቱ ከውሳኔው ይልቅ ይጥማል። ሆኖም የውሳኔው እውነት ራሱ በቂ አሳሳቢ ሆኖ ሳለ፣ በተረት ማጠናከር ክርክራችንን ያዳክመዋል።

አንድም ዘረመል ያልተለወጠበት ፓተንት

እስከ አሁን ያየነው ፓተንትና ልውጥ ሕያው አብረው ሲሄዱ ነው። አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ ልግባ፤ የጤፍ ፓተንት አንድም ዘረመል ያልተነካበት ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የደች ኩባንያ ጋር የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍን የዘረመል ሀብት ለመጠቀም ተፈቀደለት፤ ኢትዮጵያም ከጥቅሙ ልትካፈል ሆነ። በወቅቱ ይህ ውል የዘረመል ሀብትን በፍትሕ ስለመካፈል እንደ አብነት ተወድሶ ነበር። ኩባንያው ግን አስቀድሞ ለአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰጠው።

ፓተንቱ ስለ ምን ነበር? በዋነኛነት ስለ ጤፍ ዱቄት ነው። በዳቦ ሥራ ውስጥ የዱቄትን ባሕርይ የሚለኩበት አንድ ቁጥር አለ፤ በሙቅ ውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ውስጥ አንድ ዘንግ ለመስመጥ የሚወስድበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲቆይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ዱቄቱም ለመጋገር ይመቻል። ኩባንያው ይህ ቁጥር ሲፈጭ ከ250 ያላነሰ የሆነ የጤፍ ዱቄትን፣ እንዲሁም ከእሱ የሚሠሩ ምግቦችን የራሱ ፈጠራ አድርጎ አስመዘገበ። በእኛ ቋንቋ ስንገልጸው፣ ጤፍ ታጭዶ ጥቂት ሰንብቶ ሲፈጭ ይሻላል የሚል ዕውቀት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ እናት በሰሜንም ሆነ በመሀል አገር ማግኘት ይከብዳል።

እዚህም ላይ ሐቁን ከስሜቱ እንለይ። ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ክልል ብቻ ነው፤ የጎጃም ወይም የአድኣ ገበሬ ጤፍ እንዳይዘራ የከለከለው ማንም አልነበረም። ይሁን እንጂ ግሉተን የማይስማማው የአውሮፓ ሕዝብ ጤፍን ማፈላለግ በጀመረበት ጊዜ፣ የጤፍ ዱቄትና የጤፍ ውጤት በእነዚያ አገሮች መሸጥ የሚሻ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊ ላኪም ቢሆን፣ በደጁ የቆመ ባለቤት ነበረበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ከኩባንያው ጋር ውሉ ሲሞት ፓተንቱ ግን አልሞተም፤ የቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ወዳቋቋሟቸው ሌሎች ድርጅቶች ተላለፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ ወደ 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ያለምክንያት አልነበረም።

ፓተንቱ በኔዘርላንድስ የወደቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2018 ነው። የፓተንቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሌላ የዳቦ ግብዓት አቅራቢ ኩባንያን መብቴን ጥሷል ብሎ ከሰሰ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩን መርምሮ ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የለውም ሲል ሰረዘው። ልብ በሉ፤ ያሰረዘው የኢትዮጵያ ክስ አልነበረም። ሁለት የአውሮፓ ነጋዴዎች ሲጣሉ የእኛ ጉዳይ በመሀላቸው ተፈታ። እኛ በጋዜጣ ደስታችንን የገለጽነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነበር።

ተቃራኒው ምሳሌ

አሁን በተቃራኒው በኩል ያለውን ላሳያችሁ። በሙዝና በእንሰት ላይ የሚወርደውን የአጠውልግ በሽታ ታውቁታላችሁ። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ መጀመሪያ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን እንሰት ላይ ነው። በኋላ ወደ ሙዝ ተሻግሮ በኡጋንዳ ብዙ ማሳ አጠፋ። እንሰትና ሙዝ የሚባዙት ባመዛኙ በችግኝ እንጂ በፍሬ ስላልሆነ፣ ተቋቋሚ ዝርያ ማዳቀል እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከቃሪያ ወገን የተወሰደ የመከላከያ ዘረመል ወደ ሙዝ አስገቡ። ዘረመሉን ያገኘው የታይዋን የምርምር አካዳሚ ለአፍሪካ ጥቅም ያለ ክፍያ ፈቀደው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጤፉ ዘረመሉ አልተለወጠም፤ ባለቤት ግን ወጣለት። ሙዙ ዘረመሉ ተለወጠ፤ የገበሬውን ደጅ የዘጋ ባለቤት ግን አልቆመበትም። «ልውጥ ሕያው አይግባ» ብሎ በሩን የዘጋ የጤፍን ፓተንት አላስቀረም፤ «ልውጥ ሕያው ይግባ» ብሎ በሩን የከፈተም የዘሩን ባለቤት አልጠየቀም። ጥያቄዎቹን ሳንለይ የምንወስደው አቋም፣ የደገፍንም ሆነ የተቃወምን፣ በጨለማ የሚወረወር ድንጋይ ነው።

እኛስ የት ቆመናል?

ኢትዮጵያ በዚህ ክርክር እንግዳ አይደለችም። የዛሬዎቹ የዘረመል ባንኮች ገና በአፍሪካ ባልታወቁበት ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. አካባቢ የራሷን አቋቁማለች። ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ገበሬውን የዘር ጠባቂ አድርገው በመነሣታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ደግሞ የታዳጊ አገሮችን ድምፅ አስተባብረው ለካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት መጽደቅ ታላቅ ድርሻ አበርክተዋል፤ እሳቸውም በ2000 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። በአንጻሩ የአገራችን ዘር ለሌላው ዓለም ያበረከተውንም አንርሳ። በካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ ያጠቃ የነበረውን ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ሕጋችንም መሠረት አለው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት የማግኘትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 481 ለአዳቃዩ መብት ሲሰጥ፣ ለገበሬው ዘር የማስቀመጥና የመለዋወጥ መብትም ዕውቅና ሰጥቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ጥብቅ የነበረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ላላ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። የጥጡ ዘር ከሕንድ የመጣ ድቅል ነው። ስለ ደኅንነቱ ብዙ ተከራክረናል። ገበሬው በየዓመቱ ዘሩን ከማን፣ በስንት፣ በምን ውል ይገዛል የሚለውን ግን የዚያን ያህል ስንከራከርበት አልሰማሁም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የጀመርነው ጉዞም ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባል አገሮች ለዕፅዋት ዝርያዎች በፓተንት ወይም በራሳቸው በቀረጹት ብቁ ሥርዓት ጥበቃ እንዲሰጡ ያዛል። «በራሳቸው በቀረጹት» የሚለው ሐረግ ጠባብ ቢመስልም የገበሬው መብት የሚያልፍበት በር እሱ ነው። የሌላውን ሕግ ቀድተን ከገባን በሩን በገዛ እጃችን ዘጋነው ማለት ነው።

ለአዳቃዩም ፍትሕ ሊደረግለት ይገባል። አንድ ዝርያ ለማውጣት ከአሥር ዓመት ያላነሰ ድካም ይጠይቃል፤ ድካሙን የሚከፍለው ከሌለ የሚደክምም አይኖርም። ፓተንትም ዘላለማዊ አይደለም፤ ቦውማን የተከሰሱበት የመጀመሪያው ትውልድ አኩሪ አተር ፓተንት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 አብቅቷል። ጥያቄው አዳቃዩ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው አይደለም። ማን ይክፈለው ነው። ቁንጮን ያወጡት ተመራማሪዎች ደመወዛቸውን ያገኙት ከሕዝብ ግምጃ ቤት ነው፤ ዘሩም የሕዝብ ሆነ። የሕዝብ ምርምር ሲዳከም ክፍተቱን የሚሞላው ባለፓተንት ነው። ስለዚህ የዘር ነጻነት ክርክር ከሁሉ በፊት የምርምር በጀት ክርክር ነው።

ከዚህ አዳራሽ ለምትወጡ ሁሉ የቤት ሥራ አለኝ። የሕግ ተማሪዎች፣ የጤፍን ውል አንቀጽ በአንቀጽ አጥኑት፤ ኩባንያው ሲከስር መብቱ ወዴት እንደሚሄድ ያልጻፈ ውል ምን እንደሚሆን አይታችኋል። የሥነ ሕይወት ተማሪዎች፣ የአገር ዝርያዎችን ባሕርይ መዝግባችሁ አሳትሙ፤ ቀድሞ የታተመ ዕውቀት ፓተንትን ይጥላልና። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ የዘርን ዋጋ ከገበሬው ገቢ ጋር አስሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አጫውቻችሁ ላብቃ። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከማጀቱ ሰቅላ ታኖረው የነበረውን የዘር ቅል በዚያ ዓመት አውርዳ ከፈተችው። ዘር እንደማይበላ ታውቃለች፤ እኛ ግን ተርበን ነበር። ያን ቀን ያለቀሰችው ለልጆቿ ይሁን ለዘሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዝናቡ ሲመለስ አባቴ ስልቻ ይዞ ወደ አንድ ጎረቤት ሄደ። ሰውየው ከተረፈው ዘር ግማሹን ሰፈረለት፤ «ሲደርስ ትመልሳለህ» አለው። ወረቀት አልተፈረመም፣ ወለድም አልተጠየቀም።

እኛ የተረፍነው በዚያ ስፍር ነው። ቦውማን በተፈረደባቸው ሕግ ሥር ቢሆን፣ ዘሩም ፓተንት ቢኖረው፣ ያ ጎረቤት ጥፋተኛ በሆነ ነበር። የምንጽፈው ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ወንጀለኛ የማያደርግ እንዲሆን አደራ እላችኋለሁ።